ውሃ ላይ ስላክላይን እና ዮጋ፦ መሃል ያለችውን ልጅ ተዋትና ዳር ያለውን ግንድ እዩ

ሁለት ዛፍ መሃል የተወጠረ ቀጭን ቀበቶ፣ ከስሩ ውሃ፣ ላዩ ላይ ደሞ በባዶ እግሯ አንድ እግሯን አጥፋ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የቆመች ሴት። ይሄን ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ባትፈልጉት እንኳ ስልካችሁ ራሱ ያመጣላችኋል። ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ አለ፣ ትልልቅ ዛፍ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ስፖርት የሚሰሩ ሴቶች አሉ፣ ስለዚህ "እኛስ ለምን አንሞክረውም" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ መጥቷልም። መልሱ ይሞከራል ነው፣ ግን ቪዲዮው እንደሚያሳየው አይደለም። ሁሉም ሰው ሲያይ አይኑ የሚያርፈው መሃል ላይ ያለችው ልጅ ላይ ነው፣ ትወድቃለች አትወድቅም እያለ። እውነቱን ለመናገር የሷ መውደቅ ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ነገር ያለው ቀበቶው የታሰረበት ግንድ ላይ እና ከስር ባለው ውሃ ውስጥ ነው፣ ሁለቱም ቪዲዮው ላይ አይታዩም።

በነገራችን ላይ አብዛኛውን በ"አንቺ" ነው የምጽፈው፣ የሚጠይቁኝ ሴቶች ስለሆኑ። ወንዶችም አንብቡት፣ ግንዱ ጾታ አይለይም።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ ስላክላይን ማለት ሁለት ጠንካራ ነገር መሃል ጠፍጣፋ የናይለን ወይም የፖሊስተር ቀበቶ ወጥሮ ላዩ ላይ መሄድ፣ መቆም፣ መቀመጥ፣ የቻለ ደግሞ መዝለል ነው። የተለመደው ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 5 ሳንቲ ሜትር። የሰርከስ ሰዎች ከሚሄዱበት የብረት ገመድ ጋር ይምታታል፣ ግን አንድ አይደለም። ያኛው ብረት ስለሆነ ብትረግጪው ባለበት ነው። ይሄኛው ይለጠጣል፣ ስትረግጪው ይረግባል፣ መልሶ ወደ ላይ ይገፋሻል፣ ወደ ግራና ቀኝም ይወዛወዛል፣ ማለትም አንቺ ብቻ ሳትሆኚ የቆምሽበት ነገርም አብሮሽ ይንቀሳቀሳል።

የተጀመረው አሜሪካ ነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ድንጋይ ተራራ የሚወጡ ወጣቶች በእረፍታቸው መኪና ማቆሚያ ዳር ያለ ሰንሰለት ላይ ሲራመዱ ቆይተው ኋላ የራሳቸውን የመውጫ ቀበቶ ዛፍ ላይ ወጥረው መሄድ ጀመሩ። አዳም ግሮሶውስኪ እና ጄፍ ኤሊንግተን የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ስማቸው ከዚህ ጋር ይነሳል። በ1985 ስኮት ባልኮም የሚባል ሰው ዮሰማይት በሚባለው የአሜሪካ ፓርክ ውስጥ ከሸለቆው ወለል ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሻገረ፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። ከሴቶቹ ስሟ ቶሎ የሚነሳው ፌይዝ ዲኪ ናት፣ በ2012 በቮልቮ የጭነት መኪና ማስታወቂያ ላይ ክሮኤሺያ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሮጡ ሁለት መኪናዎች መሃል በተወጠረ መስመር ላይ፣ መኪናዎቹ ዋሻ ከመግባታቸው በፊት የተሻገረችው እሷ ናት። ያላያችሁት ፈልጉት፣ ልብ ይሰቅላል። ዛሬ ስፖርቱ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፣ ከፍታ ላይ የሚሰራ አለ፣ በጣም ረጅም መስመር አለ፣ እየዘለሉ የሚገለባበጡበት አለ፣ ውሃ ላይ የሚወጠር አለ፣ እና ላዩ ላይ ዮጋ የሚሰራበት አለ። የኛ ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ግንዱ ለምን ይነቀላል

የግቢ ልብስ ማስጫ ገመድ አስቡ። ገመዱን ክርር አድርጋችሁ ወጥራችሁ ታጥቦ ያልተጨመቀ ጋቢ ስትሰቅሉበት ሚስማሩ ነው ተነቅሎ የሚመጣው። ላላ አድርጋችሁ ብታስሩት ኖሮ ጋቢው ትንሽ ዝቅ ይል ነበር እንጂ ሚስማሩ ምንም አይሆንም። ጋቢው ያው ጋቢ ነው፣ ክብደቱ አልተለወጠ። የተለወጠው የገመዱ አንግል ነው።

ስላክላይን ላይ የሚሆነው ይሄው ነው። ክብደትሽ የሚጎትተው ወደ ታች ነው፣ ቀበቶው ግን የሚጎትተው ወደ ጎን ነው፣ ወደ ላይ የሚያነሳሽ የጉተታው ትንሽዬ ክፍል ብቻ ነው። ቀበቶው ቀጥ ባለ ቁጥር ያቺ ክፍል ይበልጥ ታንሳለች፣ ስለዚህ አንቺን ለመሸከም ጠቅላላ ጉተታው በጣም መብዛት አለበት። ቁጥር እንጠቀም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 20 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር መሃል ላይ ቆመች እንበል። ቀበቶው በሷ ክብደት 1 ሜትር ከረገበ እያንዳንዱ ግንድ ላይ የሚያርፈው ጉተታ 300 ኪሎ አካባቢ ነው። ግማሽ ሜትር ብቻ እንዲረግብ አጥብቃችሁት ከሆነ 600 ኪሎ ይሆናል። 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 1200 ኪሎ፣ ከአስር ኩንታል በላይ ማለት ነው፣ ለአንዲት 60 ኪሎ ሴት! ሂሳቡን ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ክብደቷን በመስመሩ ርዝመት አባዙት፣ ከዛ እርግበቱን በ4 አባዝታችሁ በሱ አካፍሉት። ይሄ ደግሞ ዝም ብላ ስትቆም ነው፣ ከተወዛወዘች ወይ ከዘለለች ይጨምራል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ጀማሪ ሁሉ "እንዳይወዛወዝብኝ አጥብቁልኝ" ይላል፣ አጠገቧ ያሉት ወንድሞቿም ጡንቻቸውን ለማሳየት ሁለት ሆነው ራቼቱ (ቀበቶውን እየጎተተ የሚያጠብቀው ባለ ጥርስ ብረት) ላይ ይንጠለጠላሉ። እንደዛ አታድርጉ። የሚሻለው አጭር መስመር ነው፣ ከ8 እስከ 10 ሜትር፣ መጠነኛ እርግበት ያለው። 10 ሜትር መስመር ግማሽ ሜትር ቢረግብ ያው 300 ኪሎ ነው፣ መወዛወዙ ግን ከ20 ሜትሩ በጣም ያነሰ ነው።

እዚህ አገር ሰው ቶሎ እጁ የሚገባው ቀበቶ የአይሱዙ ሾፌሮች ጭነት የሚያስሩበት በራቼት የሚጠብቀው ነው። መጥፎ አይደለም፣ ለጀማሪ የሚሸጠው ስላክላይን ራሱ አሰራሩ ተመሳሳይ ነው፣ ግን ጭነት ሲያስር የኖረ አሮጌ ቀበቶ ላይ ሰው አይቆምም። ከመግዛታችሁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣታችሁ መሃል አሳልፉት። ጠርዙ ላይ የተቦጨቀ ክር፣ የደረቀ ዘይት፣ ጸሃይ በልቶት የነጣ ቦታ ካለ ተዉት፣ ጸሃይ ናይለንን ውስጥ ውስጡን ታደክመዋለች እና ከውጪ ደህና መስሎ ይበጠሳል። የተሰፋበት ወረቀት ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፏል፣ ወረቀቱ የተቀደደ ከሆነ አትግዙ። ጫፉ ላይ ያለው ክፍት መንጠቆ ለመኪና አካል የተሰራ ነው፣ መስመሩ ሲወዛወዝና ሲላላ ሊወልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ጫፉ ቀለበት ሆኖ የተሰፋ ቀበቶ ፈልጉና ግንዱን ዞሮ በራሱ ውስጥ አልፎ ይታሰር።

ውሃ ላይ ስለሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፣ ናይለን ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ መለጠጡም ይብሳል፣ ጠዋት በደረቁ ያስተካከላችሁት መስመር አስር ጊዜ ውሃ ከነካካው በኋላ ሌላ መስመር ነው። ፖሊስተር ይሄ ችግር እምብዛም የለበትም። ከቻላችሁ ፖሊስተር።

ቀበቶ ሲበጠስ ደግሞ ዝም ብሎ አይወድቅም፣ ሲለጠጥ ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ ወደ ማሰሪያው ይወረወራል፣ ጫፉ ላይ ያለው ራቼት ብረት ነው። ለዚህ ነው ራቼቱን በሌላ ገመድ ከግንዱ ጋር ድጋሚ የሚያስሩት፣ ቢበጠስም እዛው እንዲቀር። ለዚህም ነው ፎቶ የምታነሳው ጓደኛሽ በመስመሩ አቅጣጫ፣ ከግንዱ ኋላ መቆም የሌለባት። ጎን ትቁም።

ግንዱን በተመለከተ፣ ወገብሽን የሚያህል ወፍራም፣ ቅጠሉ ያልደረቀ፣ ስሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ። የሐዋሳ ሐይቅ አመት እየጠበቀ ወደ ዳር የሚሰፋበት ጊዜ አለው፣ ስሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ የቆየ ዛፍ ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ስሩ የላላ ሊሆን ይችላል፣ በዛ ላይ ከጎን 300 ኪሎ ስትጎትቺው። ዛፉም ይጎዳል። ዛፍ ቅጠሉ የሰራውን ምግብ ወደ ስር የሚያወርደው ከቅርፊቱ ስር ባለው ስስ ክፍል ነው፣ ቀበቶው እሱን ዙሪያውን ከፈተገው ዛፉ ቀስ ብሎ ይሞታል። አሮጌ ምንጣፍ ወይ የታጠፈ ካርቶን ግንዱ ላይ ሳይጠመጠም ቀበቶ አይታሰርም። እነዚያ ዳር ያሉት ዋርካዎች እኛ ሳንወለድ የነበሩ ናቸው።

እግርሽ የሚንቀጠቀጠው ስለፈራሽ አይደለም

መጀመሪያ ስትወጪ የሚሆነውን ልንገርሽ። አንድ እግርሽን በቀበቶው ርዝመት ልክ ታሳርፊያለሽ፣ አውራ ጣትሽ ወደፊት። ገና ክብደትሽን ስታደርጊበት እግርሽ ግራና ቀኝ በፍጥነት መርገፍገፍ ይጀምራል፣ አንቺ ሳታዢው። ዳር ያሉት ይስቃሉ፣ አንዷ እማማ "ኧረ ልጄ ውረጂ፣ ምን አጥተሽ ነው" ይላሉ፣ አንቺም ፈሪ የሆንሽ ይመስልሻል። አይደለም። ወታደር ቢመጣም እግሩ ይርገፈገፋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መሬት ላይ ስትቆሚ ሰውነትሽ ትንሽ ሲያዘነብል ቁርጭምጭሚትሽ መሬቱን ገፍቶ ይመልስሻል፣ መሬቱ ስለማይንቀሳቀስ ይሰራል። ቀበቶ ላይ ስትገፊ ግን ቀበቶው ራሱ ይሄዳል። ጡንቻሽ ሲለጠጥ አከርካሪሽ ውስጥ ያለው ነርቭ አንጎልሽን ሳያማክር "ተኮማተር" ብሎ ይመልሳል፣ ግን ትእዛዙ እስኪደርስ ትንሽዬ ጊዜ ያልፋል፣ ሲደርስ ቀበቶው ወደ ሌላው ጎን ሄዷል፣ ስለዚህ ማስተካከያው ራሱ አዲስ ስህተት ይሆናል፣ እሱን ለማስተካከል ሌላ፣ እንደዛ እያለ ይርገፈገፋል። ስትፈሪና ስትገትሪው ደግሞ ይብሳል። ለተወሰኑ ሳምንታት በተለማመዱ ሰዎች ላይ ሲለካ ይሄ ፈጣን የነርቭ መልስ ቀንሶ ተገኝቷል፣ ማለት ሰውነት "ይሄን ለኔ ተዉልኝ" ማለትን ይማራል፣ መርገፍገፉም ይጠፋል። ጡንቻ ስላበቀልሽ አይደለም፣ ነርቭሽ ዝም ማለትን ስለለመደ ነው።

ታዲያ በምን ነው የምትቆሚው? በእጅሽና በዳሌሽ። እጅሽ ከትከሻሽ በላይ ክርንሽ ታጥፎ፣ ጉልበትሽ ትንሽ ታጥፎ። ሚስጥሩ ራስሽን ቀበቶው ላይ ማመጣጠን ሳይሆን ቀበቶውን በእግርሽ እየገፋሽ ከክብደትሽ ስር ማምጣት ነው። ሴቶች በአማካይ የክብደት ማዕከላቸው ከወንድ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ይቀላቸዋል የሚል ወሬ አለ፣ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፣ ከልምምድ ጋር አይወዳደርም። ሌላም ወሬ አለ፣ ስላክላይን ከሰራሽ ጠቅላላ ባላንስሽ ይስተካከላል፣ መንገድ ላይ አትወድቂም ምናምን የሚል። ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ የሚያሳዩት ስላክላይን የሚያሻሽለው በዋናነት ስላክላይን ላይ መቆምን መሆኑን ነው፣ ለሌላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ደስ ስለሚል ስሪው፣ መድሃኒት ነው ብለሽ ግን አይደለም።

አሁን ውሃው ይግባ። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በሶስት ነገር ነው፣ በአይኑ፣ በጆሮው ውስጠኛ ክፍል ባለው ፈሳሽ፣ እና ከእግሩና ከመገጣጠሚያው በሚመጣ ስሜት። ቀበቶው ላይ የእግርሽ ስሜት ብዙም አይታመንም፣ ምክንያቱም የረገጥሽው ነገር ይንቀሳቀሳል። አይንሽ ነው የሚያድንሽ። ውሃ ላይ ግን ወደ ታች ካየሽ አይንሽም ይዋሻል፣ ማዕበሉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ አንጎልሽ "እኔ ነኝ ወደ ሌላው የምሄደው" ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሳትወድቂ ራስሽን ለማዳን ስትይ ትወድቂያለሽ። መሬት ላይ አስር እርምጃ የምትሄድ ሴት ውሃ ላይ ሁለት እንኳ የሚያቅታት ለዚህ ነው። መፍትሄው ማዶ ያለው ግንድ ላይ፣ ቀበቶው የታሰረበት ቦታ ላይ አይንሽን መትከል ነው። እሱ አይሄድም። (መሄድ ከጀመረ ውረጂ።)

ዮጋውስ?

ቀበቶ ላይ የሚሰራው ዮጋ መሬት ላይ ካለው በጣም ያነሰ ነው። መቀመጥ፣ አንድ እግር አጥፎ አንዱን አንጠልጥሎ። በጉልበትና በአንድ እግር መንበርከክ። በአንድ እግር መቆም፣ የዛፍ አቋም የሚሉት። በጀርባ መተኛት፣ ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን አከርካሪሽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ብዙዎች ከመቆሙ ይልቅ ይሄ ይከብዳቸዋል። ጀማሪ መጀመር ያለባት ከመቀመጡ ነው፣ ከመቆም አይደለም፣ ሰው ግን ለፎቶ ሲል ከመጨረሻው ይጀምራል።

ዮጋው ለስላክላይን የሚያዋጣው ዋናው ነገር ትንፋሽ ነው። ቀበቶ ላይ የወጣች ሴት ሳይታወቃት ትንፋሿን ትይዛለች፣ ስትይዝ ትከሻዋ ይወጣል፣ ሰውነቷ ይገተራል፣ እግሯ ይርገፈገፋል። ወደ ውጪ የምታስወጪውን ትንፋሽ ስታረዝሚ የልብ ምትሽ ዝግ ይላል፣ ይሄ ሃይማኖት ሳይሆን የሰውነት አሰራር ነው፣ ማንም ሰው ላይ ይሰራል።

ሃይማኖት ካነሳን ደግሞ፣ ይሄን ጥያቄ ሸሽቶ ስለ ዮጋ መጻፍ እዚህ አገር አይቻልም። ዮጋ ህንድ የተወለደ ነው፣ ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጄይን እምነቶች ጋር አብሮ ያደገ ነው፣ የሰውነት አቋሙ ከብዙ ክፍሎቹ አንዱ ብቻ ነው። የተባበሩት መንግስታት ጁን 21ን የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞት ከ2015 ጀምሮ ይከበራል፣ ዩኔስኮም በ2016 መዝግቦታል፣ የኛው ፊቼ ጨምበላላ ከአንድ አመት በፊት የገባበት መዝገብ ላይ። ጂም ውስጥ የሚሰራው አብዛኛው መሳሳብና ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ዝማሬውና ጸሎቱ የለበትም፣ ግን "ምንም ግንኙነት የለውም" የሚሉሽም "እንደቆምሽ ጋኔን ይገባብሻል" የሚሉሽም እያጋነኑ ነው። ህሊናሽን ከቆረቆረሽ የነፍስ አባትሽን ወይ ፓስተርሽን ጠይቂ፣ ከዛ ውጪ ቀበቶው ላይ ለመቀመጥና በረጅሙ ለመተንፈስ የግድ ዮጋ ብለሽ መጥራት የለብሽም። እኔ በግሌ ዝማሬውን ትቼ አቋሙን ወስጃለሁ፣ ሌላው እንደ እምነቱ።

ልብስን በተመለከተ ሰፊ ሱሪ ቀበቶው ውስጥ ይጠላለፋል፣ ሻርፕና ነጠላ ጭራሽ አይሆንም፣ ታይት እና ረዘም ያለ ቲሸርት ይበቃል። ለከፋው ይኖራል፣ ሐዋሳ ከሌላው ከተማ የተሻለች ብትሆንም ይኖራል። ብቻሽን ሳይሆን ሶስት አራት ሆናችሁ ውጡ፣ ለለከፋው ብቻ ሳይሆን ለደህንነቱም የሚያስፈልገው ቁጥር ያው ስለሆነ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ መሬት ላይ ያለውን ሃኪምሽን አማክረሽ ቀጥይ፣ ቀበቶውን ግን ለጊዜው ተይው።

ሐይቁ ራሱ

"ውሃ ላይ ነው፣ ብትወድቂም ውሃ ነው" የሚለው አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። ከአንድ ሜትር ከፍታ ጥልቅና ንጹህ ውሃ ውስጥ መውደቅ ድንጋይ ላይ ከመውደቅ ይሻላል፣ መውደቁ እንደማይጎዳ ስታውቂ ሰውነትሽም ይፈታል፣ የውሃ መስመር የተወደደው ለዚህ ነው። ግን የትኛው ውሃ?

የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር አካባቢ ነው። ያ ግን መሃሉ ነው። ዛፍ ያለው ዳር ነው፣ ዳሩ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ሳርና ደንገል ያለበት፣ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ነው። ከላይ ሲያዩት ውሃ ነው፣ ሲወድቁበት ጭቃ፣ ድንጋይ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ተረስቶ የቀረ መረብና መንጠቆ። ጥልቀቱ ከቁመትሽ የሚበልጥ ካልሆነ መስመሩ ውሃ ላይ ነው አይባልም፣ መሬት ላይ ነው፣ ያውም የማይታይ መሬት ላይ። ሳትወጪ በፊት ዋናተኛ የሆነ ሰው ገብቶ በእግሩ ይዳስሰው።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አለ፣ ይሄ ወሬ አይደለም፣ በዓሳ አጥማጆችና በተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ የተገኘ ነው። ትሉን የምታራባው ቀንድ አውጣ የምትኖረው ልክ እዛ ሳሩ ያለበት ዝቅተኛ ውሃ ውስጥ ነው፣ ትሉ ከሷ የሚወጣው በብዛት ጸሃይ ሲበረታ ነው፣ ቆዳ በስቶ የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ስትገቢ አያምሽም። አንድ ጊዜ ወድቀሽ በፎጣ ስለተጠራረግሽ አመለጥሽ ማለት አይደለም። ሐይቁ ውስጥ ከገባሽ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሰገራ ተመርመሪ። ወዲያው ብትሄጂ አይታይም፣ መድሃኒቱ ፕራዚኳንቴልም በደንብ የሚሰራው ያደገው ትል ላይ ነው፣ ስለዚህ መቆየቱ ስንፍና አይደለም።

ሶስተኛዋ ጉማሬ ናት። ሌሊት ሳር ስትግጥ አድራ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ትመለሳለች፣ በሷና በውሃው መሃል የቆመን ሰው አትወድም። አንዱ የጀልባ ልጅ ቦታ ስንመርጥ "እህቴ፣ እዚህ ጋ አይሆንም፣ ይሄ መውጫዋ ነው" ብሎ ሳሩ ተረግጦ የተኛበትን ሰፊ መንገድ አሳይቶናል፣ እኛ የሰው መንገድ መስሎን ነበር። ሁልጊዜ እነሱን ጠይቁ፣ ሐይቁን ከነሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

እንግዲህ ሰዓቱን አስቡት። ሐይቁ ጸጥ የሚለው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ያመጣል፣ ጠፍጣፋው ቀበቶም በነፋስ እየተርገበገበ ይጮሃል (አንድ ጊዜ ብታጣምሙት ይቀንሳል)። ግን ጠዋት 12 ሰዓት ጉማሬዋ ገና እየገባች ነው፣ እኩለ ቀን ደግሞ የቢልሃርዚያው ሰዓት ነው። የሚቀረው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለችው ነገር ናት። እሷም ብትሆን ቢልሃርዚያውን ትቀንሰዋለች እንጂ አታጠፋውም።

ስለዚህ የኔ ሃሳብ ይሄ ነው፣ መስመሩ ሐይቁ ዳር ሳር ላይ ይወጠር፣ ከጉልበት ያልበለጠ ከፍታ፣ ፊት ለፊትሽ ሐይቁን እያየሽ። ውሃ ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትይ ከሆነ ባለቤቱ የፈቀደበት፣ ጥልቀቱ የሚታወቅ፣ ጠንካራ ማሰሪያ ያለው የመዋኛ ገንዳ ፈልጊ። ፎቶው አያምርም ይሉኛል። አዎ አያምርም።

ሐይቁ ላይ ነው የምሰራው ካልሽ ደግሞ፣ መዋኘት የማትችል ሴት ላይፍ ጃኬት ሳታደርግ አትወጣም፣ የምትችልም ብትሆን ዳር ሆና የምታያት አንድ ዋናተኛ ትኑር። ከፍታ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ራሳቸውን ከመስመሩ ጋር በገመድ ሲያስሩ አይታችሁ ይሆናል፣ ዝቅ ያለ የውሃ መስመር ላይ ያ ክልክል ነው፣ ከውሃው በታች አስሮ ያስቀርሻል። ስትወድቂ ከቀበቶው ራቅ ብለሽ ወደ ጎን፣ በእግርሽ ውደቂ። በሁለት እግርሽ መሃል አስገብተሽው አትውደቂ፣ ለምን እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። በጭንቅላት መጥለቅ የለም፣ ቀበቶውንም በእጅሽ ለመያዝ አትሞክሪ፣ ተመልሶ ፊትሽን ይገርፍሻል።

ስትጨርሱ መስመሩ ይፈታል። "ነገም እንመጣለን ይቆይ" አይባልም። ራቼቱን የሚፈታው ሰው ጣቱን ከራቼቱ ጥርስ ያርቅ፣ ማንም ሳይቆምበት ይፍታ፣ የተጠራቀመው ጉተታ በአንዴ ነው የሚለቀው። ሌሊት የተወጠረ ቀበቶ አይታይም፣ ዓሳ አጥማጁ ደግሞ ሳይነጋ ነው በጀልባው በዚያ የሚያልፈው፣ ከውሃው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተወጠረ ነገር ጀልባ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ልክ አንገቱ ጋ ነው።